የሞተር ሆም መሪ ሳጥን ሲያፈስና ጆኮ ሲኖረው፦ ቪቴዋን ከማጥበቅህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን እንዲህ ተረድቼዋለሁ፦ በሼቭሮሌት ጂ30 ላይ የተሠራ የ1990ዎቹ መጀመሪያ ሞተር ሆም አለህ። ከመሪ ሳጥኑ ሥር ዘይት ይንጠባጠባል፣ ሀይዌይ ላይ ደግሞ መሪው ሦስት ጣት ያህል ባዶውን ይዞራል፤ ጆኮ የምንለው ይህንን ነው። «ከላይ ያለችውን ቪቴ ትንሽ ባጠብቃት ይበቃል ወይስ ሳጥኑን ልፍታው?» ነው ያልከው።

ቪቴዋን ገና አትንካት። ሥራዋ የፒትማን ዘንጉን (ከሳጥኑ ሥር ወጥቶ ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ) ጥርስ ወደ ፒስተኑ (ሳጥኑ ውስጥ በዘይት ግፊት ወደሚንሸራተተው ክፍል) ጥርስ ማስጠጋት ብቻ ነው። እነዚህ ጥርሶች ሲሠሩ መሪው መሃል ላይ ሲሆን ጠበቅ፣ ወደ ጎን ሲዞር ላላ እንዲሉ ተደርገው ነው። ጎማው ትንሽ ዞር ብሎ ሳለ «ጠበቀች» እስክትል ካዞርካት፣ መሪው መሃል ሲደርስ ይነክሳል። ከኩርባ ስትወጣ በራሱ አይመለስም፤ ቀጥ ባለ መንገድም ትንሽ ልታስተካክለው ስትል ያልፍብሃል። ብዙ ሰው ይህንን መዋለል አሁንም ጆኮ ይመስለውና ደግሞ ያጠብቃታል። ደህና የነበረ ሳጥን ጥርሱንና ኩሽኔታውን የሚጨርሰው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ጆኮው ከየት እንደሚመጣ እይ። ጎማዎቹ መሬት ላይ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ፓርክ ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ አንድ ሰው መሪውን ትንሽ ወደ ግራና ቀኝ ያወዛውዝልህ። አንተ ከመሪው ጀምረህ ወደ ጎማው እየሄድክ ተመልከት። መጋጠሚያው ላይ ያለው ጎማ መሰል ዲስክ ይጣመማል? ሳጥኑ ራሱ ፍሬሙ ላይ ይንቀሳቀሳል? ከተንቀሳቀሰ ቡሎኑ ላልቷል ወይም ፍሬሙ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቅ ካየህ ሳይበየድ አትንዳው። ወደ ሳጥኑ የሚገባው ዘንግ እየዞረ ፒትማን አርሙ (በፒትማን ዘንጉ ጫፍ ላይ የታሰረው ክንድ) ዝም ካለ ጆኮው ሳጥኑ ውስጥ ነው። ፒትማን አርሙ እየሄደ ጎማው ከዘገየ ግን ጥፋቱ አይድለር አርሙ (በሌላው ወገን የመሪውን ዘንጎች የሚደግፈው ክንድ) ወይም ቴስቲናዎቹ (የዘንጎቹ ኳስ መሰል መጋጠሚያዎች) ላይ ነው። ይህ መኪና ከባድ ስለሆነ አይድለር አርም ቶሎ ያልቃል፣ ሳጥኑም በከንቱ ይወቀሳል።

ዘይቱም እንደዚሁ ነው። ከላይ ከቱቦው መጋጠሚያ የሚወጣ ዘይት በሳጥኑ ጎን ወርዶ ፒትማን አርሙ ጫፍ ላይ ስለሚንጠባጠብ የታችኛው ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋው የጎሚኒ ቀለበት) የፈሰሰ ይመስላል። ሁሉንም በዲግሪዘር እጠብ፣ አድርቅ፣ ሞተሩን አስነስተህ መሪውን ከዳር ዳር አዙር፣ በባትሪ እያበራህ የመጀመሪያዋን ጠብታ ፈልግ። ልታይ የሚገባህ የቱቦ መጋጠሚያዎቹን፣ መሪው የሚገባበትን ሲል፣ የጎን ክዳኑን፣ የጫፍ መዝጊያውንና የፒትማን ዘንጉን ሲል ነው።

የፈሰሰው የፒትማን ሲል ብቻ ከሆነ ሳጥኑን ሳታወርድ ይቀየራል። ነገር ግን ቀድመህ ፒትማን አርሙን ወደ ላይና ወደ ጎን ወዝውዘው፤ መሪው ሲዞር ዘንጉ በዓይን በሚታይ መጠን ወደ ጎን የሚሄድ ከሆነ ውስጥ ያለው የመርፌ ኩሽኔታ አልቋል። የሲሉ ከንፈር የሚንቀጠቀጥ ዘንግ መከተል ስለማይችል አዲሱም ሲል ብዙ አይቆይም። ዘንጉ ከንፈሩ በሚያርፍበት ቦታ በዝገት ተቦርቡሮ ከሆነም ያው ነው። ሲል ቀይሬ ወዲያው አፈሰሰ የሚለው ቅሬታ በአብዛኛው ከእነዚህ ከሁለቱ የሚመጣ ነው።

ዘንጉ ደህና ከሆነ አርሙና ዘንጉ ላይ ምልክት አድርግና አርሙን በፑለር አውጣ። መዶሻ አትጠቀም፤ ምቱ በቀጥታ ውስጥ ያለው ጥርስ ላይ ነው የሚያርፈው። ስናፕ ሪንጉን (ሲሎቹን የያዘውን የብረት ቀለበት) አንሣ፣ ሥሩ ሰፊ ሳህን አድርግ፣ ሞተሩን አስነስተህ መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አዙረህ አንድ ሁለት ሰከንድ ያዝና አጥፋ። ግፊቱ ሲሎቹን ገፍቶ ያወጣቸዋል። አዲሶቹን ስታስገባ የዘንጉን ጥርስ በቴፕ ጠቅልለው፣ አለዚያ ከንፈሩ ይቆረጣል። ተራው ከውስጥ ጀምሮ ባለ አንድ ከንፈሩ ሲል፣ ዋሸር፣ ባለ ሁለት ከንፈሩ ሲል፣ ሌላው ዋሸር፣ በመጨረሻ ስናፕ ሪንጉ ነው። የመጀመሪያውን ሲል የጉድጓዱን መጨረሻ እስኪነካ ድረስ አትምታው።

ጆኮው ከሳጥኑ ውስጥ ከሆነ ግን ወርዶ ይፈታ። ዘይቱን አፍስስ፣ ከዳር እስከ ዳር ያለውን ዙር ቁጠርና ግማሹ ላይ አቁመው። የጎን ክዳኑን አራት ቡሎኖች ፍታ፣ ክዳኑንና ዘንጉን አብረህ አውጣ። ቀጥሎ የጫፍ መዝጊያው ይወጣል፤ ፒስተኑ ግን በማውጫ መሣሪያው ይውጣ፣ አለዚያ በፒስተኑና በዎርሙ (መሪው በሚያዞረው ጠመዝማዛ ዘንግ) መካከል ያሉት ኳሶች ይበተናሉ። ብዙውን ጊዜ 24 ናቸው፤ አንተ ግን ቁጠራቸው። ግማሾቹ ጥቁር፣ ግማሾቹ ብርማ ሲሆኑ ጥቁሮቹ በ0.013 ሚሊ ሜትር ያነሱ ናቸው። ሲመለሱ አንድ ጥቁር አንድ ብርማ እየሆኑ ይደረደራሉ። ይህ ካልተጠበቀ እርስ በርስ ይፋተጋሉ፣ መሪውም ይከብዳል።

የጥገና ኪት የሚሰጥህ ሲል፣ ኦሪንግና ቴፍሎን ቀለበት ነው እንጂ ብረት አይደለም። ስለዚህ ኪቱን ከመክፈትህ በፊት ብረቱን መርምር። የዎርሙ ጉድጓድ ከተቆፈረ ወይም ከተላጠ፣ የዘንጉ መካከለኛ ጥርስ ደረጃ ከሠራ፣ የሲሊንደሩ ግድግዳ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለው እዚያ ላይ ገንዘብ አትጨርስ፤ የታደሰ ሳጥን በልውውጥ ግዛ። ኪት ስትገዛም የቱቦህ መጋጠሚያ በኦሪንግ የሚዘጋው መሆኑን አረጋግጥ፤ ከ1980 አካባቢ በፊት የነበረው ፍሌር (የቱቦው ጫፍ ሰፍቶ የሚዘጋበት) ነው፣ ሁለቱ አይቀላቀሉም።

ሲገጠም ዋናው ልኬት ነው። የዎርሙን ማስተካከያ በ20 ፉት ፓውንድ አጥብቅ፣ ከማስተካከያው ቀዳዳ ትይዩ አካሉ ላይ ምልክት አድርግ፣ በአካሉ ዙሪያ ለክተህ 13 ሚሊ ሜትር ወደኋላ መልሰውና ቀለበት ዳዶውን በ85 ፉት ፓውንድ ዝጋ። በኢንች ፓውንድ ቁልፍ ስታዞረው ከ4 እስከ 10 ኢንች ፓውንድ ማሳየት አለበት። ዘንጉንና ክዳኑን መልስ፣ የክዳኑን ቡሎኖች በ45 ፉት ፓውንድ አጥብቅ። ያቺ ቪቴ የምትስተካከለው ከዚህ በኋላ ነው፦ ሳጥኑ መሃል ላይ ሆኖ፣ ያገለገለ ጥርስ ከሆነ፣ መሃሉን ሲያልፍ ከበፊቱ 4 ወይም 5 ኢንች ፓውንድ እስኪጨምር ድረስ አጥብቃት፤ ድምሩ ከ14 አይለፍ። ቪቴዋን በካቻቪቴ ይዘህ ዳዶዋን በ35 ፉት ፓውንድ ዝጋና እንደገና ለካ፤ ዳዶ ሲጠብቅ ልኬቱ ይዛባል።

የድሮውን ዘይት ከቱቦውና ከፓምፑ አጥበህ አውጣ፣ አለዚያ የብረት ፍቅፋቂው አዲሱን ሲል ይበላዋል። ሲል የሚያሳብጥ መድኃኒት አትጨምር፤ ጎሚኒውን ያለሰልሰዋል። የፒትማን ዳዶውን በ185 ፉት ፓውንድ አጥብቅ። የፊት ጎማዎቹን አንሥተህ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ መሪውን ሃያ ጊዜ ያህል ከዳር ዳር አዙር፣ ዘይቱ ሲጎድል ሙላ፤ አረፋው ሲያልቅ ብቻ ሞተሩን አስነሣ። ዳር ላይ ከአምስት ሰከንድ በላይ አትያዘው። ከዚያ አላይመንት አስደርግ፣ ካስተሩንም (የፊት ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደፊት ወይም ወደኋላ ያለውን ማዘንበል) ይዩልህ፤ ኋላው የተጫነ ሞተር ሆም ፊቱ ሲነሣ ሳጥኑ ምንም ቢሆን ይዋልላል። 50 ማይል ከነዳህ በኋላ የፒትማን ዳዶውንና የፍሬም ቡሎኖቹን እንደገና በቶርክ ቁልፍ ፈትሽ።