እህል ወደ ነዳጅ ሲለወጥ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በቆሎ የመኪና ነዳጅ የሚሆነው እንዴት ነው?

መልስ፦ አሠራሩ አረቄ ከሚወጣበት መንገድ ብዙም አይርቅም። በቆሎው ይፈጫል፤ ስታርቹ በኢንዛይም አማካይነት ወደ ስኳር ይለወጣል (በቤታችን ይህን የሚሠራው ብቅል ነው)፤ ስኳሩ በእርሾ ይብላላል፤ አልኮሉም በእንፋሎት መልክ ተለይቶ ውኃው ከወጣለት በኋላ ከቤንዚን ጋር ይቀላቀላል። ከአንድ ኩንታል 40 ሊትር ገደማ እንዲህ ያለ አልኮል፣ ማለትም ኢታኖል፣ ይገኛል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ 50 ሊትር ይይዛል። ታዲያ አንድ ጊዜ ለመሙላት ከኩንታል በላይ እህል ይቃጠላል ማለት ነው?

መልስ፦ ስሌትዎ ትክክል ነው። እንዲያውም የኢታኖል ጉልበት ከቤንዚን በሲሶ ገደማ ስለሚያንስ፣ በዚያ የሚሄዱት መንገድም ያጥራል። ሆኖም እህሉ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ከእያንዳንዱ ኩንታል 30 ኪሎ ያህል በፕሮቲን የበለጸገ አተላ ተርፎ ለከብት መኖ ይውላል።

ጥያቄ፦ የእህል ዋጋ የሚንረው በዚህ ምክንያት ነው?

መልስ፦ በከፊል አዎን። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው ሕግ በ2022 የባዮፊውል (ከዕፅዋትና ከመሳሰሉት የሚሠራ ነዳጅ) መጠን 36 ቢሊዮን ጋሎን እንዲደርስ ግብ አስቀመጠች፤ ከዚህም እስከ 15 ቢሊዮን የሚሆነው ከበቆሎ ሊመጣ ይችል ነበር። ሕጉ በወጣበት በ2007 የተባበሩት መንግሥታት የምግብ መብት ልዩ ራፖርተር (ጉዳዩን እየመረመረ የሚያቀርብ ባለሙያ) የነበሩት ዣን ዚግለር የምግብ እህልን ወደ ነዳጅ መለወጥ በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው እስከ ማለት ደርሰው፣ ለአምስት ዓመት እንዲቆም ጠየቁ። እኔ ግን እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 ለታየው ንረት ኢታኖልን ብቻ ተጠያቂ አላደርግም፤ የድፍድፍ ነዳጅ መወደድ፣ የአውስትራሊያ ድርቅና አገሮች እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ መከልከላቸው አባብሰውታል። የሕጉ ትልቅ ጉዳት፣ በአስተያየቴ፣ እህል ባነሰበት ዓመት እንኳ የኢታኖል ፋብሪካው እንደ ተመጋቢው ፍላጎቱን እንዳይቀንስ ማድረጉ ነው።

ጥያቄ፦ እዚህ አገር የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚያወጣው ኢታኖልስ?

መልስ፦ እርሱ የሚሠራው ከሞላሰስ፣ ማለትም ስኳሩ ከወጣ በኋላ ከሚቀረው ዝልግልግ ተረፈ ምርት ስለሆነ ከማንም ገበታ እህል አይወስድም። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 በ5 በመቶ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ በኋላ ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። የሸንኮራው ማሳ የሚይዘው መሬትና ውኃ ግን ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ ከፍሬያቸው ለነዳጅ የሚሆን ዘይት የሚወጣላቸው ጉሎና ጃትሮፋ የተባሉት ተክሎች አይበሉም፤ ለምን በእነርሱ አንተካም?

መልስ፦ ፍሬያቸው ባይበላም የሚበቅሉት መሬት ላይ ነው። ጃትሮፋ በጠፍ መሬት ላይ መቆም ይችላል፤ ዘይት የሚያዋጣ ያህል የሚሰጠው ግን አፈርና እርጥበት ሲያገኝ ነው፤ እንዲህ ያለው መሬት ደግሞ ጤፍም በቆሎም ያበቅላል።