አራጣ፣ ዋናው ገንዘብና የፈረሙበት ወረቀት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ የመጡት ገቢያቸው አነስተኛ ሆኖ ከግለሰብ በከፍተኛ ወለድ ከተበደሩ ሰዎች ነው። መልሶቹ የኢትዮጵያን ሕግ ተከትለው የተሰጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ 10,000 ብር «በመቶ አስር» ወስጄ ስምንት ወር ሙሉ በየወሩ 1,000 ብር ከፈልኩ። አበዳሪው ዋናው ገና አልተነካም ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ በእሱ ቆጠራ እውነት ነው፤ በሕጉ ግን አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2479 ግለሰቦች ሲበዳደሩ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ እንዳይዋዋሉ ይከለክላል። እርስዎ እየከፈሉ ያሉት በዓመት 120 በመቶ ነው። በ12 በመቶ ቢሰላ የመጀመሪያው ወር ወለድ 100 ብር ብቻ ይሆናል፤ 900 ብሩ ከዋናው ይቀነሳል፤ በሚቀጥለው ወር ወለዱ በ9,100 ላይ ይታሰባል። በዚህ መንገድ ከስምንተኛው ክፍያ በኋላ የሚቀረው ዕዳ 2,543 ብር ገደማ ነው። ሠንጠረዡን ወር በወር በወረቀት ሠርተው፣ ሁለታችሁም የምታከብሯቸውን ሽማግሌዎች ይዘው ለድርድር ይቅረቡ። አራጣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 712 ያስቀጣል፤ ስለዚህ ብዙ አበዳሪ ሒሳቡ ፍርድ ቤት ፊት እንዲዘረዘር አይፈልግም።

ሠንጠረዡ የሚጠቅመው ግን ክፍያዎቹን ማሳየት ሲችሉ ነው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ ወይም ፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው፤ መመለሱም እንደዚሁ። በእጅ የሰጡት ጥሬ ገንዘብ ጎረቤት እያየ ቢሆን እንኳ በምስክር ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ከዛሬ ጀምሮ በባንክ ወይም በቴሌብር ይላኩ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ «የብድር ክፍያ» ብለው ይጻፉ። አልቀበልም፣ በእጅ ብቻ ካለ በየክፍያው ቀንና መጠን የሰፈረበት ደረሰኝ ያስፈርሙ።

ጥያቄ፦ የወሰድኩት 30,000 ነው፤ ወረቀቱ ግን «48,000 ብር ያለ ወለድ ተበድሬአለሁ» ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከወለዱ ይልቅ ሰውን የሚጥለው እንዲህ ያለው ወረቀት ነው። አራጣው ዋናው ውስጥ ገብቶ ስለተደበቀ ወረቀቱ ላይ ሕገወጥ ነገር አይታይም፤ የፈረሙበትን ጽሑፍ ደግሞ በምስክር ቃል ብቻ ማፍረስ እጅግ ከባድ ነው። የሚረዳዎ ሌላ ጽሑፍ ነው፦ 30,000 ብሩ ወደ ሒሳብዎ የገባበት የባንክ ማስረጃ፣ በየወሩ እኩል መጠን የላኩባቸው ደረሰኞች፣ ስለ ወለድ የተጻጻፋችሁበት መልእክት። መልእክት ከሌለ አሁንም ማግኘት ይቻላል። «30,000 ከወሰድኩበት ቀን ጀምሮ የከፈልኩት ስንት ደረሰ?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁት፤ መልሱን ከነቀኑ ያስቀምጡ። ወረቀቱን ገና ካልፈረሙ ግን አይፈርሙ፤ ቁጥሩ ባዶ የሆነ ወረቀት ላይማ ጨርሶ። ባዶ ቼክ ከዚህ ይብሳል። ሒሳብዎ ውስጥ ገንዘብ እንደሌለ እያወቁ የሰጡት ቼክ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 እርስዎን ራስዎን በወንጀል ሊያስከስስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሱቄ ድረስ እየመጣ በየቀኑ የሚሰበስብ ሰው አለ። 5,000 ይሰጠኛል፤ 200 ብር በቀን ለ30 ቀን እከፍላለሁ። ጭማሪው 1,000 ብቻ ስለሆነ 20 በመቶ ነው፣ አይደል?

መልስ፦ አይደለም። 5,000 ብሩ እጅዎ ላይ ወሩን ሙሉ አይቆይም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይመለሳል። በ15ኛው ቀን ግማሹን መልሰዋል፤ ወለዱ ግን በሙሉው ላይ ነው የተቆረጠው። በትክክል ሲሰላ በወር ወደ 37 በመቶ ይጠጋል። «መጀመሪያ ይቆረጥ» ብሎ 4,500 የሚሰጥም አለ፤ ያኔ ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ብድር ሲያወዳድሩ ጭማሪውን በተቀበሉት ገንዘብ ሳይሆን በአማካይ እጅዎ ላይ በቆየው ገንዘብ ያካፍሉ፤ በዕለት ክፍያ ይህ ከተቀበሉት ግማሽ ትንሽ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ የደሞዝ ኤቲኤም ካርዴን ከነሚስጥር ቁጥሩ ወስዶብኛል። ደሞዝ ሲገባ እሱ አውጥቶ የተረፈውን ይሰጠኛል።

መልስ፦ ነገ ጠዋት ባንክ ሄደው ካርዱን ያዘጉና አዲስ ያውጡ፤ መታወቂያዎ ይበቃል። ካርድ መያዣ አይሆንም፣ ዕዳውም በመዝጋትዎ አይጨምርም። ከዚያው ቀን ጀምሮ ግን የሚችሉትን መጠን ራስዎ በባንክ ይላኩለት፤ ዝም ካሉ «ሸሸ» ይባላል። መለኪያ ካስፈለገዎ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደሞዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው በድምሩ ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይላል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሳይነግረኝ 60,000 ተበድሮ ወንድሜን ዋስ አድርጓል። እኛ እንጠየቃለን?

መልስ፦ ሁለቱን ለይተን እንይ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ መበደር የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይፈልጋል። ካልተስማሙበት ባወቁ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላሉ። ገንዘቡ ለቤት ወጪ ከዋለ ግን የጋራ ዕዳ ይባላል፤ ስለዚህ የት እንደዋለ መጀመሪያ ያጣሩ። የወንድምዎ የዋስትና ወረቀት ላይ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ተጽፏል? ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ካለ አበዳሪው ባለቤትዎን ትቶ በቀጥታ ወንድምዎን ሊከስስ ይችላል።

ጥያቄ፦ የፍርድ ቤት መጥሪያ ደረሰኝ። ቀጠሮው ቀን ሄጄ ላስረዳ አስቤአለሁ።

መልስ፦ መጥሪያውን አሁኑኑ ያንብቡ። በጽሑፍ ውል ወይም በቼክ የሚቀርብ ክስ ብዙ ጊዜ በተፋጠነ ሥነ ሥርዓት (የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 284) ነው። በዚህ ሥርዓት ተከሳሽ ለመከላከል አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ጥያቄው በመሐላ ቃል ተደግፎ መጥሪያው ላይ በተጻፈው ጊዜ ውስጥ መግባት አለበት። ይህ ካለፈ በቀጠሮው ቀን ቢገኙም ያለ ክርክር ሊፈረድብዎ ይችላል። በመሐላ ቃሉ ላይ ምን ያህል እንደተቀበሉ፣ ምን ያህል እንደከፈሉና ወለዱ ስንት እንደሆነ በቁጥር ያስፍሩ። ጠበቃ መያዝ ካልቻሉ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ።

ጥያቄ፦ ካርታዬን ይዟል። ካልከፈልሽ ቤቱ የኔ ነው ይላል።

መልስ፦ አይሆንም። ዕዳው ካልተከፈለ ቤቱን አበዳሪው በቀጥታ እንዲወስድ የሚል ስምምነት በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3060 ዋጋ የለውም፤ ግለሰብ አበዳሪ ፍርድ ቤት መሄድ አለበት። የሚያሰጋው የሽያጭ ውል ከፈረሙ ነው፤ ያኔ ቀን ሳይቆጥሩ ጠበቃ ያማክሩ።

ጥያቄ፦ በአንድ ጊዜ ከፍዬ መገላገል እፈልጋለሁ። ገንዘቡን ከየት ላምጣ? ስጨርስስ ምን ልቀበል?

መልስ፦ እቁብ ካለዎት ዳኛውን ዕጣዎ እንዲቀድም ይለምኑ፤ ወለድ የለበትም። ቀጥሎ የመሥሪያ ቤት ወይም የሰፈር የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር። የስልክ ብድር ለትንሽ ጉድለት ይሆናል እንጂ አንዱን በሌላው እየደፈኑ መኖሪያ አይደለም።

ገንዘቡን ከመስጠትዎ በፊት ዋናው ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ። ኮፒ አይበቃም። «ከዚህ ብድር የሚፈለግ ቀሪ ዕዳ የለም» የሚል ጽሑፍ አበዳሪውና ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት። ቼክ ሰጥተው ከሆነና «ጠፋብኝ» ካለ፣ የቼኩ ቁጥር እዚያው ጽሑፍ ላይ ይመዝገብ፤ ያንኑ ቀን ለባንክዎም በጽሑፍ ያሳውቁ።