ትናንት የሰራሁበት ፎልደር ለምን ከታች ይወጣል ላልከው

ሰላም ወንድሜ። ሀርድ ዲስክህ ላይ 200 ገደማ ፎልደር አለህ። በዴት ሞዲፋይድ (መጨረሻ በተለወጠበት ቀን) ሶርት ስታደርገው ትናንት ስትሰራበት ያመሸኸው ታች ይወርዳል፣ ወር ሙሉ ምንም ያልሰራህበት ደግሞ አናት ላይ ቁጭ ይላል። «ቫይረስ ይሆን እንዴ?» ብለህ ጠይቀሃል። አይደለም። ዊንዶውሱም ጤነኛ ነው። ፎርማት አድርገው ያሉህን እባክህ አትስማቸው።

እኔ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ፎቶና ቪዲዮ እሰራለሁ። ይህ ነገር አንዴ በደንብ አድርጎ ለብልቦኛል፣ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝርልህ።

ፎልደር ዕቃ የሚከተትበት ሳጥን ይመስለናል። ለኮምፒውተሩ ግን የስም ዝርዝር ነው፣ ልክ እንደ ዕድር መዝገብ። አዲስ አባል ሲገባ፣ የነበረው ሲወጣ ወይም ስም ሲቀየር መዝገቡ ይነካል። አንዱ አባል ቤቱን አፍርሶ እንደገና ቢሰራ ግን የዕድሩ ጸሐፊ ምን አገባው? የፎልደር ቀንም እንደዚያ ነው። በቀጥታ እሱ ውስጥ ፋይል ስትጨምር፣ ስታጠፋ ወይም ስም ስትቀይር ቀኑ ይለወጣል። ውስጡ ያለውን ፋይል ከፍተህ ብታስተካክል ግን ላይለወጥ ይችላል። ፎልደር ውስጥ ሌላ ፎልደር ካለማ ጭራሽ፤ ታች የሆነው ለውጥ ላይኛው ጋ አይደርስም።

«ላይለወጥ ይችላል» ያልኩት በፕሮግራሙ ስለሚለያይ ነው። ኖትፓድ እዚያው ፋይሉ ላይ ስለሚጽፍ ፎልደሩ አይሰማም። ወርድ ግን ሴቭ ስታደርግ መጀመሪያ በሌላ ስም ጊዜያዊ ፋይል ይጽፍና ኋላ ስም ይለዋወጣል፣ ስም ተለወጠ ማለት ደግሞ መዝገቡ ተነካ ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ፣ የወርድ ፋይል ለማንበብ ብቻ ስትከፍት እንኳ አጠገቡ አንዲት የተደበቀች ፋይል ይፈጥራል፣ ስትዘጋው ያጠፋታል። አንዲት ፊደል ሳትነካ የፎልደሩ ቀን የዛሬ ሆነ! ያ ወር ሙሉ ያልሰራህበት ፎልደር አናት ላይ የወጣው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። የሆነ ደብዳቤ ከፍተህ አይተህ ዘግተህ ይሆናል።

አሁን ወደ እኔ ጉድ ልምጣ። ጥር ሲመጣ እዚህ ጎንደር ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። ሰርጉ አለ፣ ጥር 11 ጥምቀት አለ፣ ከፋሲለደስ መዋኛ ብቻ ስንት ካርድ ሞልተን እንመለሳለን። አንድ ዓመት በዚያ ሰሞን ዲስኩ ሞላብኝ። ለሊቱን የሚወርድ ቪዲዮ አለ፣ ቦታ የለም። ታዲያ ምን አደረግኩ? ፎልደሮቹን በዴት ሞዲፋይድ ሶርት አደረግኩና ታች ያሉትን «እነዚህ ያለቁ ናቸው» ብዬ መረጥኳቸው። ሺፍት ዲሊት። ሪሳይክል ቢን እንኳ አልገቡም።

በማግስቱ የአንዲት ሙሽራ ወንድም መጣና «አልበሙ ደረሰ ወይ?» አለኝ። የእሷ ፎልደር ከጠፉት መሀል ነበር። ሦስት ምሽት ሙሉ አልበሟን ስሰራ ነበር እኮ! ግን የሰራሁት ውስጥ ባለው «አልበም» በሚለው ፎልደር ነው፣ ላይኛው ፎልደር ደግሞ ከካሜራው ካርድ የገለበጥኩበትን ቀን እንደያዘ ቀርቷል። ስለዚህ ታች ወርዶ ጠበቀኝ። ፎቶዎቹ ደግነቱ ሌላ ዲስክ ላይ ኮፒ ነበራቸው። ዲዛይኑን ግን ከዜሮ ጀመርኩ። ለወንድምየው «መብራት አስቸግሮን ነው» አልኩት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የዚያን ቀን መብራት ቀኑን ሙሉ ነበር።

እና ምን ይሻላል ብትለኝ፣ ቀላሉ መንገድ ፎልደሩን ትተህ ፋይሉን መጠየቅ ነው። ዋናውን ፎልደር ክፈትና ከላይ በቀኝ ያለውን መፈለጊያ ሳጥን ንካው። ዊንዶውስ 10 ከሆነ ሰርች የሚል ታብ ይመጣል (ካልመጣ ኮከብ ምልክቷን * ጽፈህ ኢንተር በል)፣ እዚያ ዴት ሞዲፋይድ የሚለውን ስትጫን ቱደይ፣ የስተርደይ፣ ዚስ ዊክ እያለ ያስመርጥሃል። 11 ላይ መጀመሪያ አንድ ነገር ጽፈህ መፈለግ አለብህ፣ ኮከብ ምልክቷ ብቻዋን ትበቃለች፤ ከዚያ ሰርች ኦፕሽንስ ውስጥ ታገኘዋለህ። ውጤቱ ከስር ያሉትን ፎልደሮች ሁሉ በርብሮ በዚህ ሳምንት የተነኩ ፋይሎችን ያወጣልሃል። እነሱን በቀን ሶርት አድርግ። አንዱን ቀኝ ክሊክ አድርገህ ኦፕን ፋይል ሎኬሽን ካልከው ወደ ፎልደሩ ይወስድሃል። ከዚያ ክስተት ወዲህ ይህን ሳላይ አንድም ፎልደር አጥፍቼ አላውቅም።

ፋይልህ ብዙ ከሆነ ይህ ፍለጋ ቀርፋፋ ነው፣ ቡና አፍልተህ ትመለሳለህ። እኔ ኤቭሪቲንግ የምትባለውን ፕሮግራም ነው የምጠቀመው። ነጻ ናት፣ ትንሽ ናት፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይም ትሮጣለች። ዲስኩ ራሱ የሚይዘውን የፋይል ሰንጠረዥ ስለምታነብ ፎልደር ለፎልደር አትንከራተትም። በቀን ሶርት ታደርጋለህ፣ አለቀ።

«የለም፣ እኔ ፎልደሮቹ ራሳቸው በትክክል እንዲደረደሩ ነው የምፈልገው» ካልክ በፓወርሼል፣ ማለትም ዊንዶውስ ውስጥ ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት ፕሮግራም፣ ይቻላል። ትእዛዙ እያንዳንዱ ፎልደር ውስጥ እስከ ታች ወርዶ የመጨረሻውን የተነካ ፋይል ይፈልጋል፣ የዚያን ፋይል ቀን ለፎልደሩ ይሰጠዋል። ፋይሎቹን አይነካም። ሦስት አራት መስመር ነው፣ ከፈለግክ በውስጥ እልክልሃለሁ። ግን ቋሚ መፍትሔ አይምሰልህ። ነገ አንድ ፋይል ከጨመርክ ቀኑ እንደገና በራሱ ሕግ ይሄዳል፣ ስለዚህ በየጊዜው ማስኬድ አለብህ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ አስኬደዋለሁ።

ቀኑ ራሱ ውሸት የሚሆንበት ጊዜም አለ። ከአሮጌ ዲስክ ወደ አዲስ ስትገለብጥ ፋይሎቹ የድሮ ቀናቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ፎልደሮቹ ግን የተገለበጡበትን ቀን ይለብሳሉ። 200ውም ፎልደር የአንድ ቀን ልጅ ይሆናል። ዴስክቶፕ የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሳንቲም የምታክል ባትሪ እያት፣ ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለው ናት። እሷ ከሞተች መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ከብዙ ዓመት በፊት ባለ ቀን ይነሳል፣ ኢንተርኔት አግኝቶ ሰዓቱን እስኪያስተካክል የምትሰራው ሁሉ የዚያን ቀን ይይዛል። ትናንት ሰርተህ የድሮ ሆኖ ታገኘዋለህ። እኛ ሱቅ ይህ ሁለቴ ደርሷል።

ስለዚህ እኔ ለሥራዬ በኮምፒውተሩ ቀን መተማመን ትቻለሁ። የፎልደሩ ስም ላይ ራሴ ቀኑን እጽፋለሁ፣ ዓመቱ ቀድሞ፣ ከዚያ ወሩ፣ ከዚያ ቀኑ፣ ወሩም ቀኑም ሁልጊዜ በሁለት ዲጂት። የ2016ቱ ጥምቀት 2016-05-11 ተብሎ ነው የተቀመጠው። በስም ሶርት ስታደርገው በራሱ በቀን ይደረደራል። በእኛ አቆጣጠር መሆኑም ጠቅሞኛል፤ ደንበኛ «የጥምቀት ዕለት ያነሳኸኝ» ሲለኝ ኮምፒውተሩ ጃንዋሪ 20፣ 2024 ከሚለው ጋር እያመሳከርኩ አልጨነቅም። ያለቀ ሥራ ደግሞ ስሙ መጨረሻ ላይ «ተረክቧል» ይጨመርበታል። ያ ቃል የሌለውን ፎልደር ማንም አይነካም፣ ረዳቴም ቢሆን።

ዊንዶውስህ 10 ይሁን 11 ጻፍልኝ፣ ላፕቶፕ ይሁን ዴስክቶፕም ንገረኝ። እስከዚያ ምንም እንዳታጠፋ።