መልስ፦ ከበርጩማ መነሳት ላቃታቸው እናትሽ

እህቴ፣ የ68 ዓመት እናትሽ ከበርጩማ ሲነሱ ግድግዳ መደገፍ ጀመሩ፤ «እርጅና ነው ወይስ በሽታ?» ብለሻል። ዕድሜ አለበት፤ ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ጡንቻ ከ30ዎቹ ጀምሮ ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ ከ60 በኋላ ይፈጥናል። ሴቶች ላይ ደግሞ የወር አበባ ሲቋረጥ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ስለሚወርድ አጥንትም ይሳሳል።

ወንበር ግድግዳ አስጠጊና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው 5 ጊዜ ተነስተው ይቀመጡ። አጠገባቸው ቁሚ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀባቸው ወይም ካቃታቸው ጡንቻቸው ሳይደክም አልቀረም፤ ሐኪም ይያቸው። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘሽ ሂጂ። አንዳንዱ ያዞራል፣ ይጥላል።

እኔ እማዬን ያስጀመርኳት በዚያው ወንበር ነው። መጀመሪያ ጉልበቷን በእጇ እየገፋች 3 ጊዜ ብቻ። በሁለት ወሯ ያለ ድጋፍ 10 ደረሰች። አሁን ታክሲ ላይ ስትወጣ እጄን አትፈልግም!

ጡንቻ ፕሮቲን ስለሚፈልግ ቁርሱ ሻይና ዳቦ ብቻ አይሁን። እንቁላል፣ በጾም ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ ይኑርበት። የኩላሊት ሕመም ካለባቸው ግን መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቂ።

ደግሞ እባክሽ፣ በፍቅር ብለሽ ሥራውን ሁሉ አትቀሚያቸው። ቡናውን ራሳቸው ያፍሉ።