ከቆመ አንቶኖቭ የተፈታ ዕቃ ይገጠማል?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ባህር ዳር ነው ያለሁት፣ የአውሮፕላን ጥገና መማር እፈልጋለሁ። አንቶኖቭ 12 የጭነት አውሮፕላን መለዋወጫው ከየት ይመጣል? ከቆመው ፈተው ቢገጥሙትስ ችግር አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሶቭየት ህብረት ማምረቱን ያቆመችው በ1973 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ብዙው ዕቃ ከድሮ ስቶክ ወይ ጡረታ ከወጡት የሚፈታ ነው፣ ሞተሩ ኤአይ 20 ደግሞ ኢሊዩሺን 18 የሚባለው ሌላ የሶቭየት አውሮፕላን ላይም አለ። መፍታቱ ችግር የለውም፣ ዋናው ወረቀቱ ነው! ስንት ሰዓት በረረ፣ መቼ ኦቨርሆል (ሙሉ ተፈትቶ እድሳት) ተደረገ፣ ሲሪያል ቁጥሩ ከሎግቡኩ (የዕቃው ታሪክ ከሚመዘገብበት ደብተር) ጋር ይገጥማል ወይ፣ ይሄ ከሌለ አዲስ ቢመስልም እንዳትገጥመው፣ የሰው ነፍስ ነው። ጎማ ነክ የሆነው ሁሉ፣ ፍሳሽ የሚከለክለው ማሸጊያ (ሲል) ሆነ ፈሳሽ የሚያስተላልፈው ቱቦ (ሆዝ)፣ ሳይበር ቆሞም ያረጃል፣ እንደኛ ሀይቅ ዳር እርጥበት ካለ ደግሞ አሉሚኒየሙም ሊበላ ይችላል፣ ስለዚህ ሳይመረመር አይገጠምም።