የእናታችሁን ድምፅ ቀድታችሁ በእንግሊዝኛ ለምትቀብሩ

በየዓመቱ ነሐሴ ሲያልቅ ስልኬ መጮኽ ይጀምራል። ደዋዮቹ ከደሴና ከኮምቦልቻ፣ አልፎ አልፎም ከሐይቅና ከባቲ ተነሥተው ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ እዚህ ሚኒሶታ የገቡ ልጆች ናቸው። ስለ ቤት ኪራይ፣ ለበረዶው ስለሚሆን ካፖርት፣ ስለ አማካሪ መምህር ይጠይቁኛል፤ እኔም ለሃያ ዓመት ያህል በትሕትና ስመልስ ኖሬአለሁ። ብዙዎቹ የሚያጠኑት እኔ ያጠናሁትን ነው፤ ሰው እንዴት እንደሚማር፣ እምነት ትምህርትን እንዴት እንደሚቀርጽ፣ ቋንቋና ፈጠራ በምን እንደሚገናኙ። የሚሳሳቱትም እኔ የተሳሳትኩትን ስለሆነ፣ ዘንድሮ ትሕትናውን ትቼ በጽሑፍ ልነግራችሁ ወስኛለሁ። የሚከፋው ይክፋው።

1. ስለ ወረቀት

የቪዛችሁንና የፓስፖርታችሁን ቀን ቁጠሩ፤ የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውን ለማንም አታስረክቡ፤ ግብራችሁን በጊዜው አሳውቁ። የቀረውን የዩኒቨርሲቲያችሁ የውጭ ተማሪዎች ጽሕፈት ቤት ከእኔ አሳምሮ ይነግራችኋል።

2. ስለ ጥናት ርእስ

የመጀመሪያ ዓመት ጽሑፌን ዛሬም አስቀምጬዋለሁ፤ ባነበብኩት ቁጥር አፍራለሁ። «የቁርአን ቤትና የቄስ ትምህርት ቤት ሕፃናትን በቃል እያስጠኑ የፈጠራ ችሎታቸውን ይገድላሉ» ብዬ ጽፌ ጥሩ ውጤት ተሰጥቶኛል። ማስረጃ አልነበረኝም፤ መምህሬ መስማት የሚፈልገው እሱን መስሎኝ ነው የጻፍኩት። እኔ አጎቴ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ደረሳ (የቁርአን ተማሪ) ሲያቀራ እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ። ደረሶቹ ሉሓቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ሲጽፉ፣ የጻፉትን ሲቀሩ፣ በቃላቸው ሲገባ ሰሌዳውን አጥበው ፀሐይ ላይ ሲያሰጡና እንደገና ሲጽፉበት በየማለዳው ተመልክቻለሁ። ያየሁትን ትቼ ያላየሁትን ጻፍኩ።

እ.ኤ.አ. በ1981 ሲልቪያ ስክሪብነርና ማይክል ኮል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በላይቤሪያ በቫይ ሕዝብ መካከል ያደረጉትን የዓመታት ጥናት አሳተሙ። ቫዮች ሦስት ዓይነት የንባብ ትምህርት ነበራቸው፤ በመደበኛው ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ፣ በሰፈርና በቤት በገዛ ፊደላቸው ቫይኛ፣ በቁርአን ቤት ደግሞ ዐረብኛ። ማንበብና መጻፍ የቻለ ሰው አስተሳሰቡ በጠቅላላው ይለወጣል የሚለው የዘመኑ እምነት በፈተናዎቻቸው አልጸናም። ያገኙት እያንዳንዱ ትምህርት ደጋግሞ የሚያሠራውን ነገር እንደሚያሠለጥን ነው። መደበኛ ትምህርት የተማሩት የመልሳቸውን ምክንያት በቃል በማብራራት በለጡ፤ ቁርአን የቀሩት ደግሞ ቃላት አንድ በአንድ እየተጨመሩ በተርታ እንዲያዙ በሚጠይቀው ፈተና በለጡ። በሁሉም የማስታወስ ፈተና ግን አልበለጡም። ይህችን ልብ በሏት፤ ከመካከላችሁ በሌላው ወገን ቆማችሁ «የቅኔ ትምህርት አእምሮን በእጥፍ ይስላል» እያላችሁ አንድም ሰው ሳትፈትኑ የምትጽፉ አላችሁና። አገርን በማሞገስ የሚገኝ ዲግሪ አገርን በማዋረድ ከሚገኘው አይሻልም።

ስለ ፈጠራ ለመመራመር የፈለገ ግን የቅኔ ቤትን ዘሎ ማለፍ አይችልም። የቅኔ ተማሪ ግሡን፣ አገባቡንና የመጻሕፍቱን ታሪክ በቃሉ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ከመምህሩ ፊት የሚያቀርበው የራሱን አዲስ ቅኔ ነው፤ የትናንቱን ዛሬ ቢደግም ተቀኘ አይባልም። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ ሦስት ቤት ባላት ዘአምላኪየ አልፎ፣ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። በቃል መያዝ የፈጠራ ጠላት ከሆነ ይህ ትምህርት እንዴት ለዘመናት ሊቆም ቻለ? በቅኔ የታወቀው ዋድላ የእኛው የወሎ አገር ነው። የየኔታን ደጅ የሚያውቅ፣ አማርኛ የሚያውቅ፣ ግዕዝም ለመማር ቅርብ የሆነ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ እደጁ ቆሞ ሳለ፣ ለሌላ አገር ሕፃናት የተዘጋጀ የፈጠራ መጠይቅ ተርጉሞ ኮምቦልቻ ላይ የሚበትነው ለምንድን ነው? በየዓመቱ አንድ ሰው እንዲህ ያለ ረቂቅ ይልክልኛል፤ በየዓመቱም ይኸው ጭቅጭቅ ነው።

3. ስለ መቅዳትና ስለ መመለስ

ከሚኒያፖሊስ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል የማይሞላ መንገድ ተጉዛችሁ ኮሌጅቪል ትደርሳላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ቅጂ እዚያ፣ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ከእነርሱ አንዱ የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ነው፤ 13ኛው መቶ ዓመት ላይ የተጻፈ። ደሴ ተወልጄ፣ ከቤታችን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የሚርቀውን የዚህን መጽሐፍ ምስል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ሚኒሶታ ውስጥ ነው። የእነዚህን ብራናዎች ዝርዝር ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ለአሥርት ዓመታት ሲሠሩ ኖረው እ.ኤ.አ. በ2021 ዐረፉ። ለፈረንጅ ሊቃውንት በእንግሊዝኛ እየጻፉ ለእኛ በአማርኛ መጻፍ አላቆሙም። «ጊዜ የለኝም» የምትሉኝ ሰዎች ይህንን ብታስቡት እወዳለሁ።

የወሎ ዑለማ አማርኛውን በዐረብ ፊደል የጻፉበት ዐጀሚ ግን ብዙው ዛሬም በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ነው። መንዙማው፣ ያ በዜማ የሚባለው ግጥም፣ የነቢዩን ውዳሴና የሃይማኖቱን ትምህርት ዐረብኛ ለማይሰማው ገበሬና ለባልቴቷ ያደረሰ ነው። ያንን ጽሑፍ ለማንበብ የዐረብ ፊደል ማወቅ፣ የወሎን አማርኛ ማወቅ፣ የጠሪቃውንም (የሱፊውን መንገድ) አነጋገር ማወቅ ያስፈልጋል። ሦስቱን የያዘ ሰው ከእናንተ ካልወጣ ከየትም አይመጣም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የወሎ ዩኒቨርሲቲና የደሴ ሙዚየም ንብረት እንዴት እንደተዘረፈ ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ስለዚህ ያነሣችሁትን ፎቶግራፍ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ አታሳድሩት።

አሁን የራሴን ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2003 ዝናሙ ሳያባራ፣ የጦሳን ተራራ ጉም ሸፍኖት ሳለ፣ የእናቴንና የጎረቤት ዱበርቶችን (ዱዓ የሚያደርጉ ሴቶችን) የወዳጃ ዱዓና መንዙማ፣ ማለት በኅብረት ተቀምጠው የሚያደርጉትን ጸሎትና ዜማ፣ በ11 ካሴት ቀዳሁ። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ይፈላል፣ ድቤው ይመታል፤ እኔ ጥግ ተቀምጬ የባትሪ ድንጋይ እቀይራለሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ 214 ገጽ የሆነውን መመረቂያ በጥቁር ሽፋን አስጠርዤ ወሰድኩላት። ግራ ቀኝ አገላብጣ «ምን ብለህ ጻፍክብኝ?» አለችኝ። «የቃል ትውፊት…» ብዬ ጀምሬ ቆምኩ። በእንግሊዝኛ አምስት ዓመት ያሰብኩትን ነገር ላፈለቀችው ሴት በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር አድርጌ ማቅረብ አቃተኝ። «አብሽር ልጄ፣ ፈረንጆቹ ካወቁልህ ይበቃል» አለችና መጽሐፉን ከቁም ሣጥኑ በላይ አስቀመጠችው።

እንግዲህ ጽሑፋችሁን ከማስረከባችሁ በፊት አሥር ገጽ በአማርኛ ጻፉ፤ ድምፁን ለሰጧችሁ ሰዎች አንብቡላቸው፤ የተሳሳተውን ያርሙላችሁ። የቀዳችሁትን ቅጂ ለቤተሰቡ፣ ለመስጊዱ ወይም ለደብሩ፣ ለወሎ ዩኒቨርሲቲም ስጡ። ከመቅዳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ ከቤት እንዳይወጣ የሚፈለግ ዱዓ አለና ካሴቱን አጥፉ ሲሏችሁ አጥፉ።

4. ስለ ልጆቻችሁ

ስለ ገንዘብ አንድ ክፍል ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ግን እሱም ዞሮ እዚሁ ይገባል።

ልጃችን እ.ኤ.አ. በ2000 ተወለደች። አራት ዓመት ሲሆናት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርቷ ጠርታን «እንግሊዝኛዋ እንዲበረታ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አነጋግሯት» አለችን። እኔና ባለቤቴ በዚያው ምሽት ጀመርን። ለመመረቂያዬ የሊሊ ዎንግ ፊልሞርን ጥናት አነብ የነበረውም ያን ሰሞን ነው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ሲሆን አሜሪካ ውስጥ ከ1,000 በላይ የስደተኛና ሌሎች አናሳ ቋንቋ ተናጋሪ ቤተሰቦችን ጠይቆ፣ ሕፃናት በለጋ ዕድሜያቸው እንግሊዝኛ ብቻ ወደሚነገርበት ትምህርት ሲገቡ የቤታቸውን ቋንቋ እንደሚተዉ፣ ወላጅም ልጁን የሚመክርበትና የሚገሥጽበት ቋንቋ እንደሚያጣ ያሳያል። እኔ ይህንን በቢጫ ቀለም አሰምርበታለሁ፤ ልጄ በግድግዳው ማዶ የእንግሊዝኛ ካርቱን ታያለች። ተነሥቼ በሩን የዘጋሁት ድምፁ ከንባቤ እንዳያናጥበኝ ነበር።

ሁለት ቋንቋ ልጅን ያደናግራል የሚለውን ወሬ ዛሬም ከሐኪምም ከመምህርም ትሰማላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1962 ኤልዛቤት ፒልና ዋላስ ላምበርት በሞንትሪያል የአሥር ዓመት ልጆችን ፈትነው፣ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛን እኩል የያዙት በአንድ ቋንቋ ብቻ ካደጉት በልጠው አግኝተዋቸዋል። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች ጥቅሙ ምን ያህል ነው እያሉ ይከራከራሉ፤ ጉዳት ያመጣል የሚለው አሮጌ አስተሳሰብ ግን ማስረጃ አጥቷል። በሌላ በኩል ቋንቋው በራሱ ይመጣል ብላችሁ አትቀመጡ። አኒክ ደ ሃውወር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው ጥናት፣ ቤልጅየም ውስጥ በፍላንደርስ ከደች ሌላ ቋንቋ የሚነገርባቸውን 1,900 ያህል ቤተሰቦች ጠይቃ፣ ከአራቱ በአንዱ ገደማ ልጆቹ ያንን ሌላ ቋንቋ እንደማይናገሩ አገኘች። ሁለቱም ወላጆች በቋንቋቸው ጸንተው ከተናገሩ ልጆቹ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይናገሩታል፤ ወላጆቹ የአገሩን ቋንቋ ወደ ቤት ባስገቡ መጠን ዕድሉ ይቀንሳል።

«ይሰማል እኮ፣ መናገር ብቻ ነው የማይችለው» ትሉኛላችሁ። ለምን እንደማይናገር ልንገራችሁ። ልጁ አምስት ዓመት ሲሆነው ለእንግድነት የመጡትን ሽማግሌ «አንተ፣ ና ቡና ጠጣ» ይላቸዋል፤ ሳሎን የሞላው ሰው በሳቅ ይፈርሳል፤ ታሪኩ ለአክስት በስልክ ይነገራል፤ ለሌላ እንግዳ እንዲደግመው ይጠየቃል። ልጁ ከዚያ ወዲያ አፉን አይከፍትም። መሳቃችሁን አቁሙ፤ «አንቱ፣ ይምጡ» ብላችሁ ትክክለኛውን በእርጋታ ንገሩትና እለፉ። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ፊደል አስቆጥራችሁ በቀረው ሳምንት በእንግሊዝኛ እየጮኻችሁበት «ልጄ ሀሁ ያውቃል» አትበሉ፤ ሀሁ ቆጥሮ ከአያቱ ውኃ መለመን የማይችል ልጅ ብዙ አይቻለሁ።

የባሰው ደግሞ በሽታውን ወደ አገር ቤት መላካችን ነው። በምንልከው ገንዘብ የወንድምና የእኅት ልጆች አማርኛ ሲናገሩ ወደሚቀጡበት የግል ትምህርት ቤት ይገባሉ፤ እኛም ደረሰኙን ተቀብለን ደስ ይለናል። እኔ ለእኅቴ ልጅ አራት ዓመት ከፍያለሁ። ደሴ ከተማ ውስጥ፣ አያቱ ቤት ተቀምጦ፣ «እማዬ» ማለት የሚያፍር ልጅ በገንዘቤ አሳድጌአለሁ።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ «ሃይማኖቱን ከያዘ ቋንቋው ይቅር» ትላላችሁ። የወሎ ሸሆች እንዲህ ቢሉ ኖሮ መንዙማ አይኖርም ነበር። በእንግሊዝኛ መንዙማ ይጻፍ ካላችሁ አልቃወምም፤ የሚጽፈው ግን የአማርኛውን ሰምቶ የገባው ልጅ ነው፤ እሱን ደግሞ ገና አላሳደጋችሁትም።

እ.ኤ.አ. በ2009 ልጄን ይዤ ሄድኩ። ከኮምቦልቻ ተነሥተን የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወጣ ጆሮዋን እየያዘች በደስታ ትጮኽ ነበር። ማታ እናቴ በሁለት እጆቿ ጭንቅላቷን ይዛ መረቀቻት፤ «እደጊ፣ ተመንደጊ፤ እንደ ጦሳ ክበጂ፣ እንደ ቦርከና ዝለቂ፤ የአባትሽ ደጅ አይጥፋሽ፣ የሰው ፊት አይጥቆርብሽ።» ቤቱ በሙሉ አሚን አለ። ልጄ ወደ እኔ ዞራ በእንግሊዝኛ «ምን አለች?» አለችኝ። «ጥሩ ልጅ ሁኚ ነው ያለችሽ» አልኳት። ጊዜ አልነበረኝም ብዬ ላመካኝ እችላለሁ፤ ግን እውነቱ በእንግሊዝኛ ምን እንደምላት አላወቅኩም።

እናቴ በ2018 እ.ኤ.አ. ዐረፈች። ልጄ አሁን ፊደሉን በራሷ ተምራ ቀስ እያለች ታነባለች፤ ባለፈው ክረምትም ካሴቶቹን እንስማ አለችኝ። እያቆምን እንሰማለን፤ እኔ እተረጉማለሁ፤ እሷ ትጽፋለች። በሰባተኛው ካሴት ጀርባ ላይ ስንደርስ እኔም የማላውቃቸው ሦስት ቃላት መጡ። ደሴ ላለችው አክስቴ ደውዬ አሰማኋት፤ ሁለቱን ነገረችኝ። ሦስተኛውን ደጋግማ ሰምታ «እሱን እናትህ ናት የምታውቀው» አለች። ዐረብኛ ይሁን፣ ኦሮምኛ ይሁን፣ የድሮ አማርኛ ይሁን መለየት አልቻልንም። ድምፁን ከካሴት ወደ ስልክ ቀድቼዋለሁ፤ ከቃሉ ወረዳ ወይም ከወረባቦ የሆነ፣ አሮጌ ወዳጃ የሰማ ሰው ካለ እልክለታለሁ።