ዶሮቲ ጋሮድ በ1939 እንዴት ፕሮፌሰር ሆነች? (መልስ)

ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ የሰጠው በ1948 ከሆነ፣ እንግሊዛዊቷ አርኪዮሎጂስት ዶሮቲ ጋሮድ በ1939 እንዴት እዚያ ፕሮፌሰር ሆነች፣ አንዱ ዓመት ስህተት አይደለም ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ሁለቱም ዓመት ትክክል ነው። ካምብሪጅ ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1948 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጋሮድን በአርኪዮሎጂ ፕሮፌሰርነት የመረጣት ግን በ1939። ምርጫው የዲግሪውን ሕግ አልነካም። አስተምሪ ተባለች፣ በዩኒቨርሲቲው ጉዳይ ግን ድምፅ መስጠት አትችልም። ጉድ እኮ ነው!

ያስመረጣት የመስክ ሥራዋ ነው። ከ1929 እስከ 1934 በዛሬዋ እስራኤል ያሉትን የቀርሜሎስ ተራራ ዋሻዎች ስታስቆፍር ብዙዎቹ ሠራተኞች የአካባቢው ሴቶች ነበሩ። ከዋሻዎቹ አንዱ በሆነው በጣቡን የኒያንደርታል (ከምድር የጠፋ የጥንት የሰው ዘር) ሴት የራስ ቅል የተገኘውም ዩስራ የምትባል ሠራተኛ አንዲት ጥርስ ለይታ ስላየች ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ የናቱፍን ባህል (ከእርሻ በፊት በአካባቢው የኖሩ የድንጋይ ዘመን አዳኞችና ለቃሚዎች ባህል) መጀመሪያ ያገኘችው ቀርሜሎስ ላይ ነው ብለህ እንዳትጽፍ። የተማሪ ወረቀት ሳርም ደጋግሜ የማየው ስህተት ነው። በ1928 ፍልስጤም ውስጥ ባለው ሹቅባ ዋሻ ቀድማ አግኝታዋለች።